መቀርቀሪያ የሌለው የኋላ በር

አንዲት ሴት ቤቷን ልትሸጥ ተነሣች።

ቤት መሸጥ ምን አዲስ ነገር አለው ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ምንም የለውም። ድሮ ደላላ ለማግኘት ሰው ጠይቆ፣ ሰፈር ዞሮ ነበር። ዛሬ ደላላው ኪሳችን ውስጥ ነው። ስልካችሁን ስትከፍቱ «ባለ ሦስት መኝታ፣ ለአስፋልት ቅርብ፣ ዋጋው ድርድር አለው» እያለ ይጠብቃችኋል። እናንተም ቤት የመግዛት አሳብ ሳይኖራችሁ የሰው ቤት ስታዩ ታመሻላችሁ። አትሳቁ፤ አውቃችኋለሁ።

ይህችን ሴት ግን ስሙልኝ። ትዕቢትን ስወቅስ ስንት እሑድ ሰምታችሁኛል! ዛሬ ኩራት ይዞኝ ነው የመጣሁት። ትዕቢትና ኩራት አንድ አይደሉም። እንዴት እንደሚለያዩ ሴትየዋ ራሷ ታሳያችሁ።

የምትኖረው ደሴ ነው፤ ጦሳ ተራራ ደረቱን ነፍቶ ከተማዋን ቁልቁል በሚያይበት ዳገታማ ሰፈር። እትዬ ትርንጎ ይሏታል። ዕድሜዋን በአስተማሪነት ጨርሳ ጡረታ የወጣች ናት። ባሏ ጋሽ ወንድይራድ ካረፈ ቆይቷል። ቤቱን ሁለቱ ድንጋይ እየለቀሙ፣ ጭቃ እየረገጡ ነው የሠሩት። ልሽጠው ያለችው ጠልታው አይደለም።

አንዲት ልጅ አለቻት፣ ሰናይት የምትባል፣ አዳማ ያገባች። ሰናይትን መኪና ገጫት። ነፍሷ ተረፈች፤ ወገቧ ግን ከዚያ ወዲያ አልታዘዝ አላት። የምትኖረው ደግሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነው። እሱ ሲመጣ አዝሎ ያወርዳታል፤ እሱ ከሌለ በመስኮት መንገዱን እያየች ትውላለች። ተሽከርካሪ ወንበሯ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር፣ አቧራ ይጠጣል።

እናት ልትጠይቃት ሄዳ ይህንን አየች። ሰናይት አላማረረችም። «እማዬ፣ ጎረቤቶቼን በድምፃቸው ነው የማውቃቸው» ብቻ አለቻት።

የወለደ ያውቀዋል። እትዬ ትርንጎ ደሴ ስትመለስ ቆርጣ ነበር፤ የደሴውን ቤት ሽጣ፣ አዳማ ላይ ደረጃ የሌለው፣ በሩ ከመንገድ እኩል የሆነ ቤት ገዝታ ከልጇ ጋር ልትኖር። ነገሩ ብር አይደለም፣ ወገኖቼ። ልጇ መውጫ አጥታለች። መውጫዋ ያለው በዚህ ቤት ሽያጭ ላይ ነው። ይህንን ያዙልኝ።

የኦንላይን ደላላው መጣ። ኪሩቤል ይባላል። ምን ያስቃችኋል? ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፤ ድለላውን የመረጠው ራሱ ነው። ደግሞም ክፉ ልጅ አይደለም። አፉ ፈጣን፣ እግሩ ፈጣን፣ ስልኩ ከሁሉ የፈጠነ ነው። ስልኩን ዘንግ ላይ ሰክቶ «ሰላም ናችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች!» እያለ ከክፍል ክፍል ሮጠ። ያ ስልክ ምን ዓይነት ስልክ እንደሆነ እንጃ፣ ጠባቧን ጓዳ አዳራሽ አደረጋት። እትዬ ትርንጎ ስታየው «ጓዳዬ መቼ ነው እንዲህ ያደገችው?» አለችው።

ጓሮ ሲደርስ ቆመ። ከድንጋዩ አጥር መሃል አንድ የእንጨት በር አለ።

«ማዘር! ሁለት በር አለው እንዴ? ይሄን ያህል ነገር ደብቀውኝ? ቤተሰቦች፣ ባለ ሁለት በር ነው! በፊት በር ይኖሩበታል፣ በኋላ በር ያከራዩታል!»

«አንደኛ፣ ማዘርህ አይደለሁም» አለችው። «ሁለተኛ፣ በሩ የኔ አይደለም።»

«እንዴት የእርስዎ አይደለም? አጥሩ የእርስዎ፣ ግቢው የእርስዎ፣ ካርታው በእርስዎ ስም!»

«እስቲ ዝጋው።»

ገፋው፤ ተዘጋ። ሊቀረቅረው መቀርቀሪያ ፈለገ። ላይ አየ፣ ታች አየ። ከውስጥ በኩል መቀርቀሪያ የሚባል ነገር የለውም።

«ተነቅሎ ነው?»

«ከመጀመሪያውም አልተገጠመለትም።»

ለምን አልተገጠመለትም? በር የሚሠራ ሰው መቀርቀሪያ ይረሳል? አልተረሳም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከግቢዋ በስተኋላ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጥቂት ቤቶች አሉ። ወደ ዋናው መንገድ የምታወጣቸው አንዲት ቀጭን የእግር መንገድ ናት፤ በአንድ ወገን ግንብ፣ በአንድ ወገን ገደል። ሰው አንድ በአንድ ያልፍባታል። ቃሬዛ ግን አራት ሰው ነው የሚሸከመው፤ በዚያች መንገድ ላይ ደግሞ ሁለት ሰው እንኳ ጎን ለጎን አይሄድባትም።

አንድ ክረምት የእንድሪስ እናት አረፉ። እንድሪስ ከኋላ ያለው ጎረቤት ነው። እሱ ሙስሊም፣ ወንድይራድ ክርስቲያን። ደሴ ላይ ይህንን መጥቀስ ራሱ ነውር ነው፣ ማን ይጠይቃል! እኔ የምነግራችሁ እንዲገባችሁ ብዬ ነው። የአሮጊቷ ጀናዛ ወጣ። መንገዱ ጭቃ ነበር። አንዱን ተሸካሚ አዳለጠውና ቃሬዛው ወደ ገደሉ አዘነበለ። ሰዎቹ ተረባርበው ያዙት እንጂ አስከሬኑ ሊወድቅ ነበር። እንድሪስ ጮኸ። ያ ጩኸት የሐዘን ብቻ አልነበረም። እናቱን በክብር መሸኘት ያቃተው ሰው ጩኸት ነበር።

ወንድይራድ ሰምቶ ወጣ፤ አየ። ዶማውን አነሣና የራሱን አጥር፣ በገዛ እጁ የካበውን አጥር፣ ይንደው ጀመር። ትርንጎም ነጠላዋን አገልድማ ድንጋዩን ከሥር ከሥር ታነሣለች። የእንድሪስ እናት በዚያ ፍርስራሽ ላይ፣ በእነ ትርንጎ ግቢ፣ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞላቸው አለፉ።

ከቀብር መልስ እንድሪስ አጥሩን ሊክብለት መጣ። ወንድይራድ እምቢ አለ።

«በር እሠራበታለሁ» አለው። «ከውስጥ መቀርቀሪያ አላደርግበትም፤ የሞተ ሰው በር አያንኳኳም። እኔ ብኖርም ባልኖርም፣ ግቢው የማንም ቢሆን፣ የእናንተ ሰው በዚህ ይወጣል።»

እንድሪስ ወደ ሚስቲቱ ዞረ። «ትርንጎ፣ አንቺስ?»

«የኔም ቃል ነው» አለች።

በቃ። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ። ወንድይራድ ሲያርፍ እንድሪስ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ከሬሳው አልተለየም። ዓመታት አልፈው እንድሪስም አረፈ፤ እሱም በዚያች በር ወጣ። ክርስቲያኗ ትርንጎ ግቢዋን ጠርጋ፣ ውሃ አርከፍክፋ ነው ያሳለፈችው።

ኪሩቤል ይህንን ሁሉ ሰማና ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ታሪክ ነው፤ ለገዢ ግን አይነገርም። ካርታው ላይ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ምን አስጨነቀዎት! ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱ የያዘው ለእርስዎ ነው።»

ቪዲዮውን ለቀቀው። «ባለ ሁለት በር» ብሎ ለቀቀው፣ እርሷ ሳትሰማ። ገዢ ጎረፈ። እትዬ ትርንጎ የመጣውን ሁሉ በአክብሮት ተቀብላ፣ ሳሎኑን አሳይታ፣ ቀጥታ ወደ ጓሮ ትወስደውና ትነግረዋለች። አንዷ ሴትዮ አማትባ እየሮጠች ወጣች። አንዱ ደግሞ ትንሽ አሰበና «በዓመት ስንት ይሞታሉ?» ብሎ ጠየቃት። እውነቴን ነው! እንደ ቤት ኪራይ ሊያሰላው አስቦ ነበር።

ከዚያ አንድ ባለሀብት መጣ። ሁሉ ነገር ተስማማው። የጠየቀችውን ሳይከራከር ተቀበለ። ስለ በሩ ስትነግረው ፈገግ አለና «ችግር የለም እትዬ፣ ይለፉ» አላት። እፎይ አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልቧ አዳማ ሄደ፤ ሰናይት ወንበሯን ራሷ እየገፋች ከበር ስትወጣ ታያት።

ሰውየው አንድ ግንበኛ አስከትሎ ነበር። እርሷ ካርታውን ልታመጣ ገብታ ስትወጣ፣ ሰውየው የኋላው በር ላይ ሜትር ዘርግቶ ለግንበኛው «ይሄ ተደፍኖ እዚህ ጋ ሱቅ ይወጣዋል» ሲለው አገኘችው። እርሷን እንዳያት ሜትሩን ጠቀለለና እንደገና ፈገግ አለ።

አሁን ጠይቁ ራሳችሁን። «ይለፉ» ብሏታል አይደል? በአፉ ብሏል። ሜትሩን እንዳላየች ብትሆን ማን ያውቃል? እናንተ ብትሆኑ፣ ልጃችሁ ፎቅ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀቻችሁ፣ ያንን ሜትር ታዩት ነበር? እኔስ አየው ነበር?

እትዬ ትርንጎ ካርታውን ነጠላዋ ውስጥ አስገባችው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቤቱ አይሸጥም» አለች።

ባለሀብቱ በመጣበት መኪና ሄደ። ኪሩቤል ጭንቅላቱን ይዞ ጮኸ።

«እሺ ብሏል እኮ! ከዚያ በኋላ ቢዘጋው ኃጢአቱ የእሱ ነው! እርስዎ ምን አገባዎት?»

«ሜትሩን አይቻለሁ» አለችው።

ወሬ በደሴ ዳገት ላይ ከመኪና ይፈጥናል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የኋላው በር ተንኳኳ። ያ በር በሕይወት ባለ ሰው ተንኳኩቶ አያውቅም፤ በደኅና ቀን ሁሉም በቀጭኗ መንገድ ዞሮ ነው የሚመጣው። ይማም ነበር፣ የእንድሪስ የበኩር ልጅ። ቁጭ በል ብትለው አልቀመጥም አለ።

«እትዬ ትርንጎ» አላት መሬት መሬት እያየ፣ «ቤቱን ይሽጡት። ስለ በሩ አይጨነቁ። ከሰፈሩ ሰው ጋር ተነጋግረናል። እኛ እንደምንም እናልፋለን። የሰናይት ነገር ይበልጣል። ወላሂ፣ ከልባችን ነው። ትተነዋል።»

እስቲ እዚህ ላይ ቁሙ። ከነዚያ ድሆች ጋር አብራችሁ ቁሙ። የእናቶቻቸውን መውጫ ለሰው ልጅ መውጫ ሲሉ ለቀቁ! ማን አስተማራቸው? እኔ እንደዚህ ያለ ሰው ባለበት አገር በመወለዴ እኮራለሁ፤ አዎ፣ እኮራለሁ።

ሴትየዋስ? ተገላገልኩ አላለችም። የይማምን እጅ ያዘች።

«የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ። ግን ቃሉን የተቀበለኝ አንተ አይደለህም፣ አባትህ ነው። አባትህ ደግሞ በዚህች በር ወጥቷል። እሱ ሳይፈታኝ ማን ይፈታኛል?»

ይማም አለቀሰ። እርሷም አለቀሰች።

ከዚያ ኪሩቤልን አስጠራችው። «ያን የምትለፈልፍበትን ስልክ አምጣው» አለችው። «በቀጥታ የሚተላለፈውን።» ልጁ ደስ አለው፤ ልቧ የተመለሰ መስሎት ነበር። ዘንጉን ዘረጋ፤ «ሰላም ናችሁ ቤተሰቦች!» ብሎ ጀመረ። እትዬ ትርንጎ ከጎኑ ቆማ ፊቷን ወደ ስልኩ አቀናች። ክፍል ውስጥ ገብታ ሰሌዳ ፊት የቆመች ይመስል ነጠላዋን አስተካከለች።

«ስሙ» አለች። «ይህ ቤት የኔ ነው። ደኅና ቤት ነው። የምዕራቡ ማዕዘን ክረምት ላይ ያፈሳል። ጓዳው በስልኩ እንዳያችሁት ሰፊ አይደለም፣ ጠባብ ነው። ከኋላ በር አለ። በሩ ለሽያጭ አይደለም። ከኋላ ያሉ ጎረቤቶቼ ሲሞቱ ሬሳቸው በዚህ ግቢ ያልፋል፤ ባሌና እኔ ቃል ገብተናል። ቤቱን የሚገዛ ሰው ቃሉንም ይረከባል። ሬሳ የሚያስፈራው አይምጣ። አልደበቅኋችሁም።»

ኪሩቤል ዘንጉን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ስልኩ ላይ ሳቅ እንደ ዝናብ ወረደ። ያ ይሳለቃል፣ ይህ ያፌዛል። «የሬሳ አስፋልት ያለው ቤት» ያለም አልጠፋ። ከዚያ ዝም። ገዢ የሚባል ጠፋ። ኪሩቤልም ስልክ ማንሳት ተወ።

ያንን ቪዲዮ አዳማ ላይ ያየ ሰውም ነበር። ሰናይት ደወለች።

«እማዬ» አለች። «አየሁት። ሰው ሁሉ አየው።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ለሞቱት መውጫ ታስቢያለሽ። እኔ እኮ አልሞትኩም።»

ስልኩ ተዘጋ።

ይህችን ቃል ማን ይችላታል? ባለሀብቱን መለሰች፣ ደላላውን መለሰች፣ ይማምን መለሰች። ልጇን ግን ምን ትመልሳት? እትዬ ትርንጎ ጓሮ ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልክ ያደረገች አልመሰላትም። ትልቅ ሥራ የሠራች አልመሰላትም። ጨካኝ እናት የሆነች ነው የመሰላት። «ወንድይራድ፣ ምን ውስጥ ከተትከኝ?» አለች፤ ቆየችና «ምን ውስጥ ገባሁ?» ብላ አረመችው፤ ቃሉ የእርሷም ነበርና።

ቃል መጠበቅ ሁልጊዜ ደስ ይላል ያላችሁ ማነው? ቃል የሚጠበቀው ደስ ሲል አይደለም። ደስ ሲልማ ማንም ይጠብቀዋል።

እንዲህ ስትሰነብት አንድ ሰው መጣ። በፊት በር አልመጣም። በዚያች ቀጭን የእግር መንገድ፣ ግንቡን ተደግፎ፣ ገደሉን እየፈራ መጣ። አቶ ጀንበሩ ይባላል፤ ኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። መንገዷን መጀመሪያ በእግሩ ለክቶ አየና በመቀርቀሪያ አልባው በር ገባ።

«ሬሳ ያልፋል ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ማፍሰሱን ነግሬያለሁ። የጎረቤት አውራ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ይጮኻል። የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ ዕድሜው ሄዷል።» አሰበች። «ሌላ የለም።»

አቶ ጀንበሩ ሳቀ። «እትዬ፣ እኔ ቤት ገዝቼ ተቃጥያለሁ። የሸጠልኝ ሰው ማለልኝ፣ ተገዘተልኝ፤ ቤቱን አሳምሬ ከገባሁ በኋላ ያልተነገረኝ ወራሽ ፍርድ ቤት አቆመኝ። ከዚያ ወዲህ ያላየሁት ቤት የለም፤ ሁሉም እንከን የለውም ይሉኛል። እርስዎ ብቻ ነዎት ነውሩን በአደባባይ ያወጡት። ሬሳ ያልደበቀ ሰው ሌላ ምን ይደብቃል?»

«ቃሉንስ?» አለችው ዓይኑን እያየች። ከሜትሩ በኋላ ፈገግታ አታምንም።

«እኔስ አልሞትም እንዴ?» አላት። «እዚህ ስኖር ማን ሊሸከመኝ ነው፣ እነሱ አይደሉም? ውሉም ላይ ይጻፍ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዋጋው አልራራላትም። ነጋዴ ነው፤ ተከራክሮ ቀነሰ፣ ደግሞ ቀነሰ። እርሷም የምትችለውን ያህል ተከራክራ ሰጠችው። ኪሩቤልም ከየት መጣ ሳይባል ደርሶ ኮሚሽኑን ተቀበለ፤ ደላላ ደላላ ነው። ግን ይህንንም ልመስክርለት፦ ከዚያ ወዲህ ቤት ሊቀርጽ ሲገባ ስልኩን ከማውጣቱ በፊት «የተደበቀ ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ» ይላል አሉ።

ቁልፉን የሰጠችው ግን ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ ከኋላ ያሉትን ሁሉ ጠራች። በሩ ላይ አቆመቻቸው። የአቶ ጀንበሩን እጅ ይዛ የይማም እጅ ላይ አደረገችው። «እኔና ባሌ ለእንድሪስ የገባነው ቃል ይህ ነው» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ በናንተ መሃል ነው።» ሽማግሎቹ ዱዓ አደረጉ፣ እርሷ አማተበች፣ ሁሉም አሜን አለ። ከዚያ ነው ቁልፉ የወጣው።

አዳማ ላይ የገዛችው ቤት ካሰበችው አንድ ክፍል ይጎድለዋል። እትዬ ትርንጎ ሳሎን ነው የምትተኛው። በሩ ግን ከመንገድ እኩል ነው። ሰናይት በገባች ማግስት ወንበሯን ራሷ እየገፋች ወጣች፤ ጎረቤቶቿን በፊታቸው አወቀቻቸው። ያችን በስልክ የተናገረቻትን ቃል ግን አላነሣቻትም። እናትም አላነሣችም። በሁለቱ መሃል እንደ ተቀመጠች ቆየች።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ይማም ነው። የአባቱ እህት አርፈዋል። እትዬ ትርንጎ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አደመጠች። ይማም እንደነገራት፣ ያን ዕለት የአቶ ጀንበሩን ግቢ የመለዋወጫ ዕቃ ሞልቶት ነበር። ሲሰማ ሠራተኞቹን ጠርቶ ሁሉንም ወደ ጎን አስነሣ። ከዚያ የቃሬዛውን አንድ ማዕዘን ይዞ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘ። እትዬ ትርንጎ ይህንን እየሰማች እንባዋ ይወርዳል።

ሰናይት ወንበሯን ገፍታ ቀረበች። የእናቷን ጉልበት ያዘች።

«እማዬ፣ አለፉ?»

«አለፉ፣ ልጄ።»

ሰናይት ራሷን እናቷ ጭን ላይ ጣለች። «እሰይ» አለች። «እሰይ፣ የኔ እናት።» ሁለቱም አለቀሱ፤ ያቺ ቃል ያን ቀን ከመሃላቸው ተነሣች።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልዙር።

ዛሬ ጥቅስ አላነብላችሁም። ስለ አዎንና ስለ አይደለም የተነገረውን ከእኔ ይልቅ ትጠቅሱታላችሁ፤ የጎደለን ጥቅስ አይደለም። ስንቶቻችን ነን ያባታችንን ካርታ ወርሰን ያባታችንን ቃል ያልወረስን? ቤቱን ተካፈልን፣ ይዞታውን አስለካን፣ በሊዝ ቢሮ ተሰለፍን። አባታችን ለጎረቤቱ ያለውን ግን ማን ተካፈለው? እናታችን ለአንዲት ምስኪን «እኔ እያለሁ» ያለችውን ማን በስሙ አዞረው?

እኛ እኮ የዚህ ዓይነት ሰዎች ልጆች ነን። ከማንም አልተዋስነውም። ወረቀት ሳይኖር በቃል ያደረ፣ ያለ ማኅተም የታመነ፣ ለሌላ እምነት ሬሳ የራሱን አጥር የናደ ሕዝብ ልጆች ነን። ትዕቢተኛ ሰው «ከእኔ በላይ ማን አለ?» ይላል። የኮራ ሰው ግን «እኔ የማን ልጅ ሆኜ ይህንን አደርጋለሁ?» ይላል። እንዲህ ያለው ኩራት ይግባባችሁ! እንዲህ ያለው ኩራት እንቅልፍ ይንሣችሁ!

ደግሞ አትሸወዱ። የሚጠይቃችሁ ሁሉ ጠላት ሆኖ አይመጣም። አንዳንዱ እንደ ኪሩቤል ወዳጅ ሆኖ «ካርታው ላይ የለም» ይላችኋል። አንዳንዱ እንደዚያ ባለሀብት «እሺ» ይላችኋል፤ እናንተም ሜትሩን እንዳላያችሁ ለመሆን ትፈልጋላችሁ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የገዛ ልጃችሁ እያለቀሰች ስትጠይቃችሁ ነው። ያን ጊዜ ምን ትላላችሁ?

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ በቤቱ ትልቅ የሆነውን ሰው አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። «አባዬ፣ እማዬ፣ ይህ ቤት ለማን ምን ብሏል?» በሉ። ምናልባት ምንም አላለም ይሏችሁ ይሆናል። ምናልባት ግን አንድ የረሳችሁት ስም ይነግሯችኋል፤ ከጓሮ ያለ ጎረቤት፣ በቤቱ ያደገች የሙት ልጅ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ። ያ ሰው ጠይቋችሁ አያውቅም፤ የሞተ ሰው በር አያንኳኳም እንደተባለ፣ ቃሉን ያመነ ሰውም አያንኳኳም። ተነሥታችሁ ሂዱለት። «አባቴ ያለው አለ» በሉት። አሜን በሉ።